መልስ፦ በ41 ዓመቴ አይ ቪ ኤፍ አንዴ ብሞክር ይሳካልኛል? ጉዳቱስ?

እህቴ፣ አይ ቪ ኤፍ ማለት እንቁላሉን ከሰውነት ውጭ ከወንድ ዘር ጋር አዳብሮ ወደ ማህፀን የመመለስ ሕክምና ነው፤ አንድ ሙከራ ዋስትና አይሆንም። በ41 ዓመት ዋናው እንቅፋት አብዛኛውን ጊዜ ማህፀኑ ሳይሆን የእንቁላሉ ጥራት ነው። ዕድሜ ሲገፋ የክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ቁጥራቸው የተዛባ እንቁላሎች ይበዛሉ፤ በሕክምናው የሚሰጠው የሆርሞን መርፌ ደግሞ የሚወጡትን እንቁላሎች ብዛት እንጂ ጥራታቸውን አይጨምርም። ለዚህም ነው እርግዝናው ከተያዘ በኋላ እንኳ በዚህ ዕድሜ ሲሶው ገደማ የሚወርደው።

ቁጥሩ በየደረጃው እንደሚሳሳ ቀድመሽ እወቂ። ከ8 እስከ 14 ቀን መርፌ ተወግተሽ 10 እንቁላል ቢወጣ፣ የበሰሉት 8 ያህል ናቸው፤ የሚዳብሩት 5 ወይም 6፣ ከዳበሩ በኋላ እስከ 5ኛው ቀን የሚዘልቁት 2 ወይም 3። ባንቺ ዕድሜ አንድም ላይተርፍ ይችላል፣ ይህን ሳይነግሩ ገንዘብ መቀበል ተገቢ አይደለም። የመጨረሻውን የማብሰያ መርፌ በተባለው ሰዓት ተወጊ፤ እንቁላሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፣ ከዘገየ ፈልቆ ይጠፋል።

መድኃኒቱ ኦቫሪን (እንቁላል የሚያመርተውን አካል) ከልክ በላይ ካነቃቃ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። በቀን ከ1 ኪሎ በላይ ከጨመርሽ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ሽንትሽ ከቀነሰ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ።

ከመክፈልሽ በፊት የኤ ኤም ኤች (የቀረሽን የእንቁላል ብዛት የሚጠቁም ሆርሞን) የደም ምርመራና አልትራሳውንድ አድርጊ፤ የባልሽም የዘር ፈሳሽ አብሮ ይታይ።