አዲሱ ኤል100 ስፒከር ይምጣ ወይስ አሮጌው ይታደስ? (ለአጋሮው ወንድማችን)

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። አጎትህ ለፋሲካ ከአሜሪካ ይመጣል፣ አዲሱን ጄቢኤል ኤል100 ክላሲክ ላስመጣ ወይስ የድሮውን ኦሪጅናል አፈላልጌ ላሳድስ፣ ግማሹ ሰው የድሮውን የሚያህል የለም ይላል ግማሹ ደሞ ትዝታ ነው ይላል፣ የቱን ልመን ነው ያልከው። እኔ ሁለቱንም ሰምቻለሁ፣ አሮጌውን ደሞ ፈትቼ ውስጡ ገብቻለሁ፣ ስለዚ ይረዝማል ታገሰኝ። አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

የኔው አሮጌ የጎረቤታችን የጋሼ ነበር፣ እዚሁ ጅማ ፈረንጅ አራዳ። አሜሪካ ተምረው ሲመለሱ ያመጡት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ የጥላሁን ድምፅ በመስኮት ይወጣል፣ እኛ ልጆቹ አጥሩ ስር ቁጭ ብለን እንሰማለን። ማክሴል ካሴት ማስታወቂያ ላይ ወንበር ላይ ተለጥጦ ፀጉሩና ክራቫቱ ወደኋላ የሚበርበት ሰውዬ ትዝ ይልሃል? ፊቱ ያለው ስፒከር ይሄ ራሱ ኤል100 ነው፣ እኛ ግን ያኔ የጋሼ ሳጥን ነው የምንለው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጆቻቸው የቤት እቃ ሲሸጡ ሮጬ ገዛሁት።

ቤት ወስጄ ስከፍተው እንግዲህ ጉድ ነው። ያ ካሬ ካሬ ሆኖ እንደ ቸኮሌት የተቆራረጠው የፊቱ ስፖንጅ ስነካው እንደ በሶ እጄ ላይ ቀረ። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ የሳጥኑ የታችኛው ጠርዝ ውሃ ጠጥቶ አብጧል፣ ላዩ ዋልነት ይምሰል እንጂ ውስጡ ቺፕውድ ነው፣ ሰጋቱራ በሙጫ በቃ። ነጩ 12 ኢንች ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ) ሻጋታ ነጠብጣብ አለበት፣ ሚዱንና (የመሀሉን ድምፅ) ትዊተሩን (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን) ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት ሁለት ማዞሪያዎች ደሞ ስታዞራቸው ኽርርር ይላሉ። ክሮስኦቨሩን፣ ድምፁን ለሶስቱ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ፈልጌ ፈልጌ ያገኘሁት በያንዳንዱ ሳጥን ሁለት ካፓሲተር ብቻ! አንዱ ለሚዱ አንዱ ለትዊተሩ፣ ዎፈሩ ምንም ሳይጣራለት በቀጥታ ከአምፑ ነው የሚበላው። መጀመሪያ የሆነ ሰው ፈታቶ የሰረቀው መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ነው ከፋብሪካው እንደዛ መሆኑን ያወቅኩት።

ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ፣ ማዞሪያዎቹን በስፕሬይ አጠብኩ፣ እዚህ ድረስ ቀላል ነው። ጥፋቴ አንዱን ዎፈር "እኔ አድሰዋለሁ" ላለ ሰው መስጠቴ ነው። መሀሉ ላይ ያለችውን ቆብ ቀይሮ ሙጫውን አፍስሶ መለሰልኝ፣ ኮኑ (የሚርገበገበው ወረቀት) ከበደ፣ ግራና ቀኙ እንደ ሁለት የተለያየ ስፒከር ሆኑ፣ ዘፋኙ መሀል መቆሙ ቀርቶ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ሌላ ዎፈር ከውጭ እስኪመጣልኝ 7 ወር ጠብቄያለሁ። አሮጌ አሳድሳለሁ ስትል እንግዲህ ይሄንን አስበው፣ የዎፈሩን ማግኔት ራሱ አሁን እንደልብ አታገኘውም። አልኒኮ የሚባለው ቅይጥ ብረት ነው፣ ኮባልት አለበት፣ በ1978 ዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) ውስጥ ጦርነት ተነስቶ ኮባልት ሰማይ ሲነካ ስፒከር ሰሪው ሁሉ ኮባልት ወደሌለበት ወደ ፌራይት ማግኔት ነው የዞረው።

አሁን ወደ አዲሱ። አዲስ አበባ አንድ ወዳጄ የ2018ቱን ክላሲክ አስመጥቶ ና ስማ አለኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ የኔን አንዱን ሳጥን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጭኜ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዤው ሄድኩ (ረዳቱ የሁለት ሰው ሂሳብ አስከፍሎኛል)። አንዱን ካንዱ ጎን ለጎን አቁመን በሞኖ አወዳደርን። አዲሱ 4 ኦም ነው የድሮው 8 (ኦሙ ባነሰ ቁጥር ከአምፑ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል)፣ ስለዚ ባንድ ቮልዩም ካጫወትካቸው እኩል አይጮሁም፣ ጮክ ያለው ደሞ ሁሌም የሚያምር ይመስላል፣ በስልክ አፕ እየለካን እኩል አደረግናቸው።

ምን መሰለህ፣ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው፣ ሲሰሟቸው ግን ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ምክንያቱም በድሮው ሚዱ ከዎፈሩ የሚረከበው 1500 ኸርዝ አካባቢ ነው (ኸርዙ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)፣ ትዊተሩ 6000 ላይ፣ ስለዚ የዘፋኙ ድምፅ አብዛኛው ከዛ ከትልቁ ነጭ ወረቀት ነው የሚወጣው። ደረት አለው፣ ሳክስፎኑ ግንባርህ ላይ ነው የሚነፋው፣ ጸናጽሉ ግን ትንሽ ይሻክራል፣ ትዊተሩም ወረቀት ነው። አዲሱ ላይ ሚዱ 450 ላይ ይረከባል፣ ትዊተሩ 3500 ላይ፣ እሱም ወረቀቱ ቀርቶ የታይታኒየም ብረት ዶም (ጉልላት) ሆኗል። ጥሩ ነው እኮ! ቤዙ ጠበቅ ያለ ነው፣ የክራሩን ክር አንድ በአንድ ትቆጥረዋለህ፣ ብዙ ሰዓት ብትሰማው ጆሮ አያደክምም። ግን የአባቱን ኮት የለበሰ ልጅ ነው። ወዳጄ "የኔ ይበልጣል አይደል?" ሲለኝ አዎ አልኩት፣ እውነቴን ነው፣ ሆኖም አይኔን ጨፍኜ አጥሩ ስር ያለሁ የመሰለኝ በኔው ባበጠው ሳጥን ነው። ትዝታ ነው የሚሉህም አልተሳሳቱም፣ ግን ትዝታ ብቻ አይደለም፣ 1500 እና 450 የትዝታ ጉዳይ አይደለም።

እኔን የሚያናድደኝ የስሙ ነገር ነው። በ1970 የወጣው ለስቱዲዮ የተሰራው 4310 የሚባለው የጄቢኤል ስፒከር የቤት ስሪት ነበር፣ አዲሱ ደሞ መልኩን ይዞ ውስጡን እንደ አዲስ የተሰራ ነው፣ ሲወጣም ጥንዱ 4000 ዶላር ገደማ ነበር። የእንግሊዙ ስፒከር ሰሪ ዋርፍዴልም በ2019 ሊንተን ብሎ ሲያወጣ ከ1965ቱ ስሙንና መልኩን ነው የወሰደው፣ ኮኖቹ ግን ወረቀት ሳይሆኑ ኬቭላር የሚባለው ጠንካራ ሽመና ናቸው፣ እሱ ግን በዋጋው ስለማያስደነግጥ ማንም አይጣላውም። ልክ እንደ ድሮው አድርገን ሰራን ለማለት የሚቀርቡት የቢቢሲዋን ስፒከር ኤልኤስ3/5ኤ የሚሰሩት ናቸው፣ እሷ ደሞ ትንሽዬ ነች፣ የሰርግ ዘፈን አትሞክርባት።

ላንተ የምለው፣ እዛው አካባቢህ ቆሞ የሚጫወት አሮጌ ካገኘህ ሰምተህ ግዛ፣ በፎቶ አይተህ ከውጭ አሮጌ ማስመጣት ግን ይቅርብህ፣ አዲሱን አስመጣ። ለአጎትህ ግን ቀድመህ ንገረው፣ አንዱ ስፒከር ብቻ ከ26 ኪሎ ያልፋል፣ የሻንጣው ልክ ደሞ 23 ነው፣ ትርፍ ኪሎ መክፈሉ አይቀርም። አምፕህም 4 ኦም የሚችል መሆኑን እይ፣ አሮጌ ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕ አንድ ላይ ያለው) ከሆነ በጣም ይሞቅብሃል። ስታንድ አትግዛ፣ እዚህ ጅማ ባለ ሶስት እግር የዋንዛ በርጩማ ሁለት አሰርተህ ላያቸው ላይ ብታስቀምጣቸው ቤዙ ከወለሉ ይላቀቃል፣ የኔም እንደዛ ነው የቆሙት።

እና አጎትህን ስታገኘው፣ የድሮውን ስፖንጅ አስመስለው የሚሰሩ አሉ፣ ጥንድ ካገኘ ይያዝልኝ፣ ሂሳቡን እልካለሁ። ብርቱካናማውን ግን፣ የጋሼ ብርቱካናማ ነበር።