የኮኮናት ቡና በበረዶ፦ ቅባቱ ለምን ይጓጉላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሱፐርማርኬት የገዛሁትን የቆርቆሮ የኮኮናት ወተት ከፍሪጅ አውጥቼ ቀዝቃዛ ቡና ላይ ስጨምረው ነጭ እንክብል እየሆነ ይንሳፈፋል። ስጠጣው ደግሞ ቅባቱ ላንቃዬ ላይ ይለጠፋል። ካፌ የሚቀርብልኝ ግን ልስልስ ያለ ነው። ወተቱ ተበላሽቶ ይሆን? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የኮኮናት ቅባት ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች እንደ ቅቤ ይረጋል። አዲስ አበባ ውስጥ አብዛኛው ቤት ይህን ያህል አይሞቅም፤ ስለዚህ ቆርቆሮው መደርደሪያ ላይ እንዳለም ቅባቱ ከላይ ረግቶ፣ ውሃው ከታች ተለይቶ ይቆያል። ፍሪጅ ሲገባ ይብሳል። የረጋ ቅባት ቀዝቃዛ ቡና ውስጥ የሚቀልጥበት ሙቀት ስለማያገኝ ቢያማስሉትም ቢንጡትም እንክብሉ አይጠፋም። መድኃኒቱ ለብ እንዳለ ማዋሐድና በረዶውን መጨረሻ ማምጣት ነው።

ለሁለት ብርጭቆ እንዲህ ይሥሩት። ቆርቆሮውን ሳይከፍቱ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ይንከሩት፤ ከዚያ አጥብቀው ይነቅንቁት። 40 ግራም ሸከር ብሎ የተፈጨ ቡና ላይ 240 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ያፍስሱ። የውጭ መመሪያዎች «ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ» ይላሉ፤ እኛ ጋ ግን ከተማው ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሳያቆዩ በቀጥታ ያፍስሱት። 4 ደቂቃ ከቆየ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ያጥልሉት። ዱቄቱ ከክብደቱ እጥፍ ያህል ውሃ ይዞ ስለሚቀር 160 ሚሊ ሊትር ገደማ ያገኛሉ። ትኩስ እንዳለ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና በሁለት ጣት ቁንጥር ጨው ያሟሙበት። ጨው ሲባል አይደንግጡ፤ የቡናውን ምሬት ያለዝባል፣ የኮኮናቱንም ጣዕም ያወጣዋል።

ቡናው 50 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ፣ ማለትም ብርጭቆውን በእጅ ለመያዝ ሲመች፣ 160 ሚሊ ሊትር የኮኮናት ወተት ጨምረው በጁስ መፍጫ 30 ሴኮንድ ይምቱት። መፍጫውን ከግማሽ በላይ አይሙሉት። ጁስ መፍጫ ከሌለ ክዳኑ የሚገጥም ማሰሮ ውስጥ 1 ደቂቃ ሙሉ ይናጥ። ከዚያ ማሰሮውን (በመፍጫ ከመቱት ማሰሮ ውስጥ ገልብጠው) ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያቁሙትና እንደገና ነቅነቅ ያድርጉት። ይህን አይዝለሉ፦ ለብ እንዳለ በረዶ ላይ ቢያፈሱት ለአንድ ብርጭቆ ካዘጋጁት 150 ግራም በረዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወዲያው ቀልጦ ቡናውን ያቀጥነዋል። ቅባቱ አንዴ ደቅቆ ከተዋሐደ ሲቀዘቅዝም አይጓጉልም፤ ያወፍረዋል እንጂ።

ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ። ቅባቱ 17 ከመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ፤ «ላይት» የሚለው ውሃው ስለሚበዛ አይወፍርም። ጉዋር ጋም የሚባለው ማወፈሪያ ያለበት ቢሆን ለዚህ ሥራ ይመቻል፣ ቶሎ አይለያይም። ለመጠጥ መቀመሚያ የሚሸጠው «ክሬም ኦፍ ኮኮናት» ግን ስኳሩ አብሮ የገባበት ሌላ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ያለኝ ጀበና ብቻ ነው። በጀበና የፈላ ቡና ይሆናል? አንድ ጊዜ ሞክሬ ወተቱ ተበጣጠሰብኝ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ይሆናል፣ ግን አቦሉን ብቻ። ቶናና በረካ ከኮኮናትና ከበረዶ ጋር ሲገናኙ ጣዕማቸው ይጠፋል። ለአቦሉም ከወትሮው ግማሽ ያህል ውሃ ይጠቀሙ፤ ከገነፈለ በኋላ ደጋግመው አያንተክትኩት፣ ምሬቱ በበረዶ ጎልቶ ይወጣል። ጀበናውን ማቶቱ ላይ አዘንብለው 7 ወይም 8 ደቂቃ ያስተኙት፤ አተላው ይውረድ። ሲቀዱም የመጨረሻውን አንድ ሲኒ ያህል ይተዉት። ሙቀጫ የወቀጠው ቡና ደቃቅ ብናኝ ስለሚበዛበት በጨርቅ ማጥለሉ ግድ ነው። አለዚያ ብናኙ ከቅባቱ ጋር ተጣብቆ ምላስ ላይ አሸዋ ይሆናል።

መበጣጠሱን በተመለከተ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ይለዩ። እንክብሉን በጣትዎ ሲያሹት ከቀለጠ የረጋ ቅባት ነው፤ ከላይ የተጻፈው ይፈታዋል። ካልቀለጠና እንደ አይብ ፍርፋሪ ከሆነ ግን በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው የተቋጠረው። ይህን የሚያመጡት የቡናው ኮምጣጣነትና ትኩሳቱ ሲገጣጠሙ ነው። ለስለስ ብሎ የተቆላ የታጠበ ይርጋጨፌ ወይም ሲዳማ ለብቻው ሲጠጡት ደስ የሚለው በዚያ ኮምጠጥ ማለቱ ነው፤ ለኮኮናት ግን አስቸጋሪ ነው። በደረቁ የተዘጋጀ የጅማ ወይም የሐረር ቡና ጠቆር አድርገው ቢቆሉ ይሻላል። የሐረሩ መዓዛ ከኮኮናት ጋር ያለው ስምምነት ልዩ ነው፤ ከቻሉ እሱን ይሞክሩ። የተቆላ የሚገዙ ከሆነ እዚያው ፒያሳ እንደ ቶሞካ ያሉ ቤቶች ጠቆር ያለ ቁሌት አላቸው። ሲቀላቅሉም ወተቱን ቡናው ላይ አይገልብጡ፤ ቡናውን በቀጭኑ ወተቱ ላይ እያፈሰሱ ያማስሉ።

ቅመም ከወደዱ የአንዲት ኮረሪማ ፍሬ ግማሹን ከቡናው ጋር ይውቀጡ። ጤና አዳም ግን ከኮኮናት ጋር አይስማማም።

ጥያቄ፦ ለጾም ማኪያቶ ምትክ ልሠራው አስቤ የኮኮናት ወተት ዱቄት ገዛሁ። ጎረቤቴ «የጾም አይደለም» አለችኝ። እንዴት ይሆናል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ጎረቤትዎ ልክ ልትሆን ትችላለች። ብዙ የኮኮናት ወተት ዱቄቶች ውስጥ ሶዲየም ኬዚኔት ይገባል፤ እሱ ከላም ወተት የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ፊት ለፊት በትልቁ «ኮኮናት» ቢጻፍም ከኋላ ያለውን የይዘት ዝርዝር ሳያነቡ አይግዙ። ለቡና የሚሸጡ «ወተት አልባ» የሚባሉ ክሬመሮችም ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው።

ጥርጣሬ የማያስገባው በራስዎ የሚጨምቁት ነው። ስኳር ያልገባበት 100 ግራም የደረቀ የኮኮናት ፍርፋሪ በ400 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ፣ 75 ዲግሪ አካባቢ፣ 20 ደቂቃ ይዘፍዝፉ፤ 2 ደቂቃ ይፍጩትና በጨርቅ አጥብቀው ይጭመቁት። በቀዝቃዛ ውሃ ከዘፈዘፉት ቅባቱ ፍርፋሪው ውስጥ ይቀራል፤ የሚወጣው ነጭ ውሃ ብቻ ነው። ሙሉ ፍሬ ካገኙ ሲነቀንቁት ውሃው የሚሰማውን፣ ሦስቱ ዓይኖቹ ደረቅና ሻጋታ የሌለባቸውን ይምረጡ፤ ለአንዱ ፍሬ ሥጋ ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ይበቃል። የቤቱ ወተት ከቆርቆሮው ስለሚቀጥን ከቡናው አንድ ተኩል እጥፍ ያድርጉት። ወይም ሌሊቱን ፍሪጅ አሳድረው ከላይ የረጋውን ክሬም ለይተው ያንሱና ለብ አድርገው ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ በየጠዋቱ መሥራት አልችልም። ለሳምንት የሚሆን አዘጋጅቼ ማስቀመጥ ይቻላል? መብራት ሲጠፋስ? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ቡናውንና ወተቱን ለየብቻ ያስቀምጡ። 100 ግራም ቡና 700 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ ውስጥ ነክረው ፍሪጅ ውስጥ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያቆዩ፤ ከዚያ ሁለቴ ያጥልሉት። ወፍጮ ቤት ሲያስፈጩ «ሻካራ ይሁን» ብለው ይንገሩ፤ ካልነገሯቸው ለጀበና የሚሆነውን ደቃቅ ይሰጡዎታል። ይህ ቡና ኮምጣጣነቱ ስለሚቀንስ ወተቱን አይቋጥርም፤ ተከድኖ 5 ቀን ደኅና ይቆያል። ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ሊጠጡ ሲሉ ወተቱን ብቻ ከስኳር ጋር ለብ አድርገው ይምቱና ቡናውን ቀስ እያሉ ይጨምሩበት።

የተከፈተ የቆርቆሮ ወተት ቆርቆሮው ውስጥ አይደር፤ ወደ ብርጭቆ ዕቃ ገልብጠው በ3 ቀን ይጨርሱት። የተረፈውን በበረዶ መሥሪያ ያቀዝቅዙት፤ ሲፈልጉ ለብ አድርገው ይመቱታል። ከቡናውም ጥቂቱን በረዶ ያድርጉት፤ በሱ ሲጠጡ ሲቀልጥም አይቀጥንም። ተራውን በረዶ ከቧንቧ ውሃ የሚሠሩ ከሆነ ግን ውሃውን አስቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት፤ የክሎሪን ሽታ በኮኮናት ውስጥ ቶሎ ይታወቃል።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አይክፈቱ፤ ተዘግቶ ከቆየ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ከዚያ ካለፈ ቡናው ብዙ አያሰጋም፤ ወተቱን ግን፣ ባይሸትም፣ ይድፉት። ቀልጦ የሞቀውንም የኮኮናት በረዶ መልሰው አያቀዝቅዙት።