ጎሚስታ ከየት መጣ? ለወጣት መካኒኮች

በቅርቡ አንድ የሙያ ተማሪ «አባባ፣ ጎማ የሚጠግነውን ሰው ለምን ጎሚስታ እንለዋለን?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ አጭር ነው። ጎማ ራሱ ከጣሊያን የመጣ ቃል ነው፤ «ኢስታ» የሚለው ቅጥያ ባለሙያውን ያመለክታል። ጥያቄው ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ።

ሾፌር የሚለውን ከፈረንሳይ ነው ያገኘነው። ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻው)፣ ካንዴላ (ሞተሩ ውስጥ እሳት የሚለኩሰው)፣ ካምቢዮ (ማርሹ) እና ፍሪሲዮን ግን ከጣሊያን ናቸው፤ በብዛት የተስፋፉትም በወረራው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ነው። የጣርማበርን ተራራ ሰንጥቆ ወደ ደሴ በሚያወጣው መንገድ ላይ ይጓዝ የነበረውን የጭነት መኪና፣ ፊያት 634ን፣ ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» (ሠላሳ አራት) ይሉት ነበር። ከቁጥሩ በኋላ የምትጻፈው ኤን ፊደል ናፍታ ለማለት ነች። ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላም ጋራዥ ይዘው እዚሁ የቀሩ ጣሊያኖች ነበሩ።

እኔን ያሠለጠኑኝ ጋሼ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ለእነዚያ ሰዎች መፍቻ ሲያቀብሉ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ እጃቸው ግን የተማረ ነበር። ከመነዳሪውን፣ ማለትም የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ነፍተው ውኃ በሞላ ገበቴ ውስጥ ቀስ እያሉ ያዞሩታል። አረፋ ሲወጣ ቦታውን በአውራ ጣታቸው ይይዛሉ፤ ያደርቁና በሞረድ ፈግፍገው ማስቲሽ ይቀቡታል። ከዚያ አይቸኩሉም። ማስቲሹ ጣት ላይ መጣበቁን እስኪያቆም ጠብቀው ነው ልጣፉን የሚጫኑት።

በ1960ዎቹ አንድ ቀን፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ስንጠብቅ፣ ሳይጠየቁ ስለ ልጅነታቸው ጀመሩልኝ። የጣርማበር ብርድ ጣታቸውን አደንዝዞት መፍቻ ከእጃቸው ሲወድቅ አስተማሪያቸው የነበረው ጣሊያናዊ የራሱን ጓንት እንዳጠለቀላቸው፣ አገር ሲለቅም አንድ ካቻቢቴ ሰጥቷቸው እንደሄደ ነገሩኝ። ያ ካቻቢቴ እስከዚያች ቀን በኪሳቸው ነበር። ስሙን ሊነግሩኝ ሲሉ የጭነት መኪና ደረሰና ተነሡ። ሌላ ቀን ይቀጥላሉ ስል ክረምት ገባ፤ ታመሙ፤ አረፉ። ማን እንዳስተማራቸው፣ ከእነማን ጋር እንደሠሩ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ይህ እስከ አሁን ይቆጨኛል።

የወራሪ ቃል ነው ብለው የሚጸየፉ ወጣቶች አሉ። አልፈርድባቸውም። ነገር ግን በእነዚህ ቃላት ሠርተው ልጅ ያሳደጉት የእኛው አባቶች ናቸው፤ ስለዚህ ለእኔ ቃላቱ የእኛ ናቸው። ሰሞኑን «ፍሪሲዮን ሳይሆን ክላች ነው የሚባለው» ብሎ ያረመኝ ልጅ አናዶኛል፤ የባዕድ ቃል በባዕድ ቃል ለውጦ ዘመናዊ የሆነ መስሎታል። ትዕግሥትም ቀንሷል፤ ማስቲሹ ሳይደርቅ ልጣፍ የሚጫን ስንቱን አያለሁ! ያም ሆኖ ኮምፒውተር ሰክታችሁ የሞተር ብልሽት ስታነቡ በአድናቆት ነው የማያችሁ።

መፍቻ አያያዝ አልመክራችሁም፤ እሱን ታውቁታላችሁ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በአዲስ አበባ ጋራዦች ገና በሕይወት ያሉ አዛውንቶች አሉ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሻይ ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ ስልካችሁ ድምፅ ይቀዳል። ከማን እጅ እንደተማሩ በመጀመሪያ ጠይቋቸው፤ መኪና መጥቶ ወሬው ቢቋረጥ ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ተመለሱና አስጨርሷቸው።