ካምቢዮ ከማስወረድህ በፊት ከላይ እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን ታሪክ የሆነ ሰው የጻፈው ነው የመሰለኝ። አንተ የቆምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ አሮጌ ናፍጣ ፓጄሮ አለኝ፣ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት ቦታ ዘይት ይጥላል፣ መካኒኩ «የኋላ ፓራሊዮ (ሞተሩ ከኋላ ዘይት እንዳይጥል የሚዘጋው ክብ ጎማ) ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ» አለኝ፣ ጓደኛዬ ደግሞ ወፍራም ዘይት ሙላበት ይለኛል፣ ማንን ልስማ ነው ያልከው። ሁለቱንም አትስማ። እኔን ስማኝ፣ ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት።

የኔ ፕራዶ ናት። ዋን ኬዜድ ሞተር፣ በፈረንጅ የ1998 ሞዴል። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ እናንተ ጋ ነው፤ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ቆምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ያንን ዳገት አሮጌ ናፍጣ ሲወጣው ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ ጠዋት ያልነበረ ጠብታ ማታ ግቢህ ውስጥ ታገኛለህ። በመጀመሪያ ኮብልስቶኑ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነጥብ ነበረች። በሁለት ወሯ ሰፌድ አከለች። ባለቤቴ ካርቶን ታነጥፍላት ጀመር።

አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ስሙ ይቅር። ልጁ ከስር ገባ፣ ዘይቱን በጣቱ ነካ፣ አሸተተ፣ «የኋላ ፓራሊዮ» አለ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ካምቢዮ ወረደ። «አንዴ ከተከፈተ» ተብሎ የፍሪሲዮን ሸራም ተቀየረ፣ ምንም ያልሆነውን። ጉልበትና ዕቃ ተደምሮ 31 ሺህ ብር። አራት ቀን በሚኒባስ ተመላለስኩ። በዘጠነኛው ቀን ካርቶኑ ላይ ያቺው ጠብታ፣ እዚያው ቦታ ላይ!

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በል። ካምቢዮው ሲወርድ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የፍሪሲዮኑ ቤት ውስጡ ደረቅ ነበር፣ አቧራ ብቻ። የኋላ ፓራሊዮ ቢያፈስ ኖሮ መጀመሪያ የሚጨማለቀው እሱ ነው። በዓይኔ አይቼ ዝም አልኩ። አሁን ድረስ የሚያናድደኝ እሱ ነው እንጂ ብሩ አይደለም። (ብሩም ያናድደኛል።)

በዚህ መሀል የቦሎ ጊዜ ደረሰ። ንጹሕ ትሁን ብዬ ሞተሯን ላቫጆ አሳጥቤ ምርመራ ወሰድኳት። መርማሪው ከስር በባትሪ አየና «ዘይት ትጥላለች፣ አታልፍም» አለኝ። በየት በኩል ነው ስለው «ባለመኪናው አንተ፣ እኔን ትጠይቀኛለህ?» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ «አጥበህ ልትሸውደን ነው የመጣኸው» ብሎ ሰው ፊት አዋረደኝ። ሦስት ጊዜ አመላለሱኝ። አንዴ ባለሙያው የለም፣ አንዴ ሲስተም የለም። መታጠቧ ወንጀል ሆነ። የሚገርመው ግን ያዳነኝም እሱው እጥበት ነው።

አንድ ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና መካኒክ። ሲያዩዋት ከስሯ እንኳ አልገቡም። «ታጥባለች? ጥሩ፣ እስከ ሐይቅ ደርሰህ ተመለስ» አሉኝ። ከመሄዴ በፊት በሞተሩ ኋላ በኩል የሕፃን ፓውደር ነሰነሱበት። ስመለስ ኮፈኑን ከፍተው በስልክ መብራት ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጀርባ አሳዩኝ። ነጩ ፓውደር ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር። ከላይኛው የቫልቭ ክዳን የኋላ ጥግ ይነሳል፣ በቴስታታው ጀርባ ይወርዳል፣ ካምቢዮው መጋጠሚያ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ከስር ሆኖ ላየው ሰው ፓራሊዮ ነው፣ ወላሂ ማንም ይሳሳታል። ከክዳኑ ስር ያለው የዘይት መከለያ ጎማ ሲወጣ እንደ ደረቀ ቂጣ እጃቸው ላይ ተሰበረ።

እንግዲህ ያንተም ይሄው ሳይሆን አይቀርም። እንደዚህ አድርግ፦

1. መጀመሪያ ላቫጆ። ዲናሞውንና የኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎቹን በፌስታል ሸፍን። ከዚያ ፓውደር፣ ከዚያ አንድ ዳገት።

2. ዘይቱን አሽትት። የካምቢዮ ዘይት ድኝ ድኝ የሚል ሽታ አለው። የሞተር ዘይት በናፍጣ መኪና ላይ ጥቁር ነው። ፊልትሮውንም እይ፤ አሮጌው ጎማ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከታሰረ ያፈሳል።

3. የትንፋሽ ቱቦውን ንቀል። ከቫልቭ ክዳኑ ወደ አየር ማስገቢያው የሚሄደው ጎማ ነው። ይሄን ማንም አይነግርህም። ጋሼ የኔን ነቅለው በአፋቸው ሊነፉበት ሞከሩ፣ እምቢ አለ። ውስጡ ሬንጅ የመሰለ ነገር ደፍኖታል። «ጀበናን ውታፉን አጥብቀህ ብትጥደው ቡናው በየት ይወጣል?» አሉኝ። ሞተሩ ውስጥ የሚጠራቀመው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በደከመው ጎማ በኩል ይገፋዋል። ጎማውን ቀይረህ ቱቦውን ከተውከው በሌላ በኩል ይወጣልሃል። እኔ አዲሱን ፓራሊዮ እንኳ በዚሁ ግፊት ላበላሸው ነበር።

4. ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና ገልብጠህ አፉ ላይ ብቻ አስቀምጠው። ትንሽ ቢንቀጠቀጥ የእርጅና ነው፣ አብሽር። ቱቦው ጸድቶም እየዘለለ ከወደቀ ግን ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳያልቅ አይቀርም፣ ያ ሌላ ወጪ ነው።

5 ብዬ ስለ ወፍራም ዘይቱ ልጽፍልህ ነበር፣ እሱንም ሞክሬዋለሁ። 15/40 ዘይት አውጥቼ ወፍራሙን 20/50 ሞላሁ። ጠብታው ለጥቂት ሳምንት ቀነሰ፣ ከዚያ ተመለሰ። በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ደሴ ላይ ስታስነሳት ድምጿ ራሱ ያሳዝናል፤ ወፍራም ዘይት ብርድ ላይ ቶሎ አይዳረስም፣ ቱርቦዋ ትጎዳለች። ይፈስ የለ እንዴ ብለህ ከልኩ በላይ እንዳትሞላም። የተረፈው በትንፋሽ ቱቦው ወደ አየር ማስገቢያ ይገባል፣ ናፍጣ ሞተር ደግሞ የራሱን ዘይት ማቃጠል ከጀመረ ቁልፍ ብታጠፋም ላይቆም ይችላል። ሲሊኮን እንቀባዋለን የሚልህንም አመስግነህ ውጣ፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርሶ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል።

ያኔ የክዳኑ ጎማ 1,800፣ ቱቦው 600 ብር ነበር። ጋሼ ዋጋ አልጠሩም፣ ለቡና ብዬ 1,500 ሰጠኋቸው። ዘይት መጣል ካቆመች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት።

ያ 31 ሺህ ያስወጣኝ ፓራሊዮ፣ አሮጌው ማለቴ ነው፣ አምጡት ብዬ ወስጄዋለሁ። ከንፈሩ ሙሉ፣ ስንጥቅ የለው። ልጄ መሪ ነው ብሎ እየነዳበት ነው።