የነፍሳት የሽታ ተቀባዮች እንደ እኛ አፍንጫ ይሠራሉን?

የነፍሳት የሽታ ተቀባዮች እንደ ሰው አፍንጫ በጂ-ፕሮቲን (በሴል ውስጥ መልእክት በሚያስተላልፍ ፕሮቲን) በኩል ይሠራሉ ወይ ብለው ለጠየቁት፣ ዋናው መንገዳቸው ከእኛ የተለየ ነው። በእኛ አፍንጫ የሽታው ሞለኪውል ተቀባዩን ሲነካ ጂ-ፕሮቲን ይነቃል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውልም ተመርቶ የአዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ቅንጣት) በር ይከፍታል። በነፍሳት ግን በሩ ተቀባዩ ራሱ ነው፤ ሽታውን የሚለየው ፕሮቲን ኦርኮ ከሚባለው አጋሩ ጋር ተጣምሮ፣ ሽታው ሲያርፍበት አዮኖችን በቀጥታ ወደ ነርቩ ያስገባል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ግኝት እኔን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። የሐር ትል ወንድ የእሳት ራትን ብንመለከት፣ ላባ በሚመስለው አንቴናው ላይ ደቃቅ ፀጉሮች አሉ፤ ቦምቢኮል የተባለው የሴቷ ሽታ በፀጉሮቹ ቀዳዳ ገብቶ፣ ከውኃ ጋር ስለማይዋሃድ፣ ተሸካሚ ፕሮቲን ይዞት በፀጉሮቹ ውስጥ ባለው ፈሳሽ እስከ ተቀባዩ ያሻግረዋል።