የደብረ ብርሃን ቁጥር፣ የሸዋ ሮቢት ግድግዳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከደብረ ብርሃን ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንቅፋት ሲያገኝ ቆሞ የሚዞር ትንሽ የሮቦት ጋሪ፣ አርዱዊኖ በሚባለው ኮድ በሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሠርተናል። ርቀት የሚለካልን ኤችሲ-ኤስአር04 የሚባለው የድምፅ ሴንሰር ነው። የሮቦት ተመራማሪዎች ሥራቸውን በሚለዋወጡበት መረብ ሥዕሉንና ኮዱን አጋራን። ሸዋ ሮቢት ያለ ልጅ ያንኑ ሠርቶ «ቁጥራችሁ ውሸት ነው፤ 2 ሜትር ላይ ያለውን ግድግዳ 191 ሴንቲ ሜትር ይለኛል» አለን። እኛ ጋ ግን ልክ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ድሮም ይሰርቁናል ብያለሁ፤ እናንሳው» ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ አታንሱት። እሱም አልዋሸም፣ እናንተም አልዋሻችሁም። በላክህልኝ ፎቶ ላይ ሦስታችሁም ጋቢ ተከናንባችኋል፤ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ሴንሰሩ ጆሯችን የማይሰማውን ድምፅ ይልክና ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ጊዜውን ወደ ርቀት የሚለውጠው ኮዳችሁ ውስጥ ያለው የድምፅ ፍጥነት ነው። ድምፅ ደግሞ በቀዝቃዛ አየር ይዘገያል፣ በሞቃት ይፈጥናል። በዜሮ ዲግሪ በሰከንድ 331 ሜትር ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.6 ያህል ጨምሩበት። እናንተ ጠዋት በ8 ዲግሪ ሞክራችሁ ቁጥሩን 336 ላይ አስተካከላችሁት እንበል። ያ ልጅ ከጣርማ በር ቁልቁል፣ ከደብረ ሲናም ወዲያ፣ ቀትር ላይ በ33 ዲግሪ ነው የለካው። እሱ ጋ ድምፁ 351 ገደማ ይሮጣል። ቶሎ ስለሚመለስ የእናንተ ኮድ ግድግዳው የቀረበ ይመስለዋል። አስሉት፤ 191 ይመጣል። (ከፍታው ነው የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የአየሩ መሳሳት ብቻውን የድምፅን ፍጥነት አይለውጥም፤ የሚለውጠው ሙቀቱ ነው።)

ስለዚህ የጎደለው አንድ መስመር ነው፤ «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ሙቀት ለካን» የሚል። እናንተ ብርዱን ለምዳችሁታልና መጻፍ እንዳለበት አልታያችሁም። እኔም በዚህ ተጎድቻለሁ። አንድ ጊዜ ሰው ባጋራው ሥዕል መሠረት ይህንኑ ሴንሰር ራስፕቤሪ ፓይ ከሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁ። ሴንሰሩ የሚመልሰው 5 ቮልት እንደሆነ፣ ሽቦው የሚገባበት የፓዩ ፒን ግን ከ3.3 ቮልት በላይ እንደማይችል ሥዕሉ አይናገርም። ፒኑ ተቃጠለ። ቮልቱን እንዲቀንሱ በመሃል ባለ 1 ኪሎ ኦምና ባለ 2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ማስገባት ይበቃ ነበር። ሰውየው እሱ የሚያውቀውን እኔም የማውቅ መስሎት ነው የተወው። እናንተ ግን ባትሪው ስንት ቮልት እንደሆነ፣ ጎማው ምን ላይ እንደተንሸራተተ፣ የትኛው ሙከራ እንደከሸፈም ጻፉ። በተለይ የከሸፈውን። ሌላው ልጅ ሳምንቱን የሚያተርፈው ከዚያ ነው።

የጓደኛህን ስጋት አልንቀውም፤ ሌሊት የተደከመበት ሥራ ስም ሳይጠራ ሲወሰድ ያማል። መድኃኒቱ ግን ፈቃድ መጻፍ ነው። ኤምአይቲ የሚባለውን አጭር የፈቃድ ጽሑፍ ስማችሁን አስገብታችሁ ከኮዱ ጋር አኑሩ። ማንም ይጠቀምበታል፤ ሲያሰራጨው ግን ስማችሁ ያለበትን ማስታወቂያ አብሮ ማኖር ይገባዋል። ምንም ካልጻፋችሁ ቅን ሰው ለመንካት ይፈራል፣ ሌባው ግን አይፈራም። ዊሎው ጋራዥ የተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያጎለበተው ሮስ የተባለው የሮቦት ሶፍትዌር ዛሬ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች እጅ የገባው ኮዱ ክፍት ስለሆነ ነው።

አሁን ለሸዋ ሮቢቱ ልጅ ጻፉለት። ይቅርታ ጠይቁትና ንጋት ላይ አንዴ፣ ቀትር ላይ አንዴ፣ ቴርሞሜትር አጠገቡ አድርጎ እንዲለካላችሁ ለምኑት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሙቀቱን የሚያስገባውን አዲስ ኮድ ስታጋሩ የእሱን ስም ከሦስታችሁ ቀጥሎ አራተኛ አድርጋችሁ ጻፉት።