መልስ፦ በጣሊያን የሲዬና ካቴድራል የዜማ መጻሕፍት ለምን ገዘፉ? ኖታቸውስ ለምን አራት መስመር ብቻ ሆነ?

የገዘፉት መላው መዘምራን በአንድ አትሮንስ ፊት ቆመው ከአንድ መጽሐፍ ያዜሙ ስለነበር ነው፤ ከኋላ የቆመውም ማንበብ ነበረበት። አራት መስመር የበቃው ደግሞ ዜማው ከአንድ ኦክታቭ (ከስምንት ተከታታይ ድምፆች ስፋት) ብዙም ስለማይርቅ ነው፤ ሲርቅ በመስመሩ መነሻ ላይ ያለው ቁልፍ፣ ማለትም የድምፆቹን ከፍታ የሚወስነው ምልክት፣ ቦታውን ይቀይራል። አራት ማዕዘን ነጥቦቹ የድምፁን ከፍታ እንጂ ቋሚ ርዝመቱን አይናገሩም። የእኛ ድጓ ምልክቶች ግን ያለ መስመር ከቃሉ በላይ ስለሚጻፉ ንባባቸው ፈጽሞ ሌላ ነው።

ካቴድራሉን ከጎበኙ በውስጡ ያለውን፣ እነዚህ መጻሕፍት የሚታዩበትን የፒኮሎሚኒ ቤተ መጻሕፍት እንዳያልፉት! ሠዓሊው ሊቤራሌ ዳ ቬሮና በ1470 አካባቢ በገጹ ላይ በሰው መልክ የሣለውን ነፋስ ይፈልጉ፤ ሰማያዊ ፀጉሩ ተበትኖ፣ ጉንጩ ተወጥሮ ሲነፋ ያገኙታል። ለእኔ መጻሕፍቱን ከሣሉት ሌላው ሠዓሊ ከጂሮላሞ ዳ ክሬሞና የተዋቡ ገጾች ሁሉ ይበልጥብኛል። በገጾቹ ላይ የተለጠፈውን የወርቅ ንጣፍ ግን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ሆነው ይመልከቱት፤ ብርሃኑን የሚመልሰው ያኔ ነው።